ትምህርት ቤት በተዘጋበት ዘመን ሕፃናት ያጡት ነገር

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና ሕማም በኢትዮጵያ ምድር መገኘቱ በተነገረ በሦስተኛው ቀን፣ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ለ15 ቀን እንዲዘጉ መንግሥት በወሰነ ጊዜ፣ ደብተሩን ሸክፎ ወደ ቤቱ የሮጠው ሕፃን፣ ከደጅ የተቀበለችው እናቱ፣ ሰሌዳውን ሳይጠርግ ክፍሉን ቆልፎ የወጣው መምህር፣ ከነዚህ አንዳቸውም ቢሆኑ ያ የዐሥራ አምስት ቀን ዕረፍት ፋሲካን አልፎ፣ ክረምቱን ዘልቆ፣ ዘመን ተለውጦ እስከ ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ድረስ ሰባት ወር ያህል ይረዝማል ብለው አልገመቱም። በአገራችን ከ26 ሚሊዮን የሚበልጡ ተማሪዎች በዚያ ውሳኔ ከትምህርት ገበታቸው ተነሡ፤ በዓለም ላይም ዩኔስኮ እንደ ቈጠረው ከ190 በሚበልጡ አገሮች 1.6 ቢሊዮን የሚጠጉ ተማሪዎች በዚያው ወራት ከቤታቸው ዋሉ። ትምህርት ቤት የሚባል ነገር በዓለም ከተስፋፋ ወዲህ ይህን ያህል ሕፃን ባንድ ጊዜ ከጉባኤው ተበትኖ አያውቅም።

የበሽታው ጠባይ በዚያ ሰዓት ገና በውል አልታወቀም ነበር። እንደ ኢንፍሉዌንዛ ሁሉ ሕፃናት ከጓደኞቻቸው ተቀብለው ወደ አያቶቻቸው ያደርሱታል ተብሎ ይፈራ ነበርና፣ ባንድ ክፍል ስድሳና ሰባ ልጅ ተጣቦ በሚቀመጥበት፣ በግቢው የቧንቧ ውኃ በሌለበት፣ እጃችሁን ታጠቡ ብሎ ማዘዝ እንኳ በሚያስቸግርበት አገር በሩን ለመዝጋት የወሰኑትን ሰዎች ዛሬ ላይ ተቀምጦ መውቀስ ቅን ፍርድ አይመስለኝም። ጥያቄውም አዲስ አልነበረም፤ አያቶቻችን የኅዳር በሽታ እያሉ በሚጠሩት በ1911 ዓ.ም. መቅሠፍት ጊዜ በአሜሪካ አብዛኞቹ ከተሞች ትምህርት ቤታቸውን ሲዘጉ፣ ኒው ዮርክና ቺካጎ ግን ልጆቹ በየዕለቱ በሐኪምና በነርስ እየታዩ እንዲማሩ አድርገዋል። በኛም ዘመን ስዊድን ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የሚማሩባቸውን ትምህርት ቤቶች ክፍት አድርጋ ስትቆይ፣ ጎረቤታችን ዩጋንዳ ግን እስከ ጥር 2014 ዓ.ም. ድረስ፣ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው፣ ከዓለም ሁሉ ረዥም ለሆነ ጊዜ ዘግታ ቆይታለች።

በዚህ ምዕራፍ ልመረምረው የምወደው ነገር ግን የመዝጋቱን ውሳኔ አይደለም። ሕፃናቱን በእውነት የጎዳቸው ምን እንደ ሆነ ደጋግሜ ባሰብሁ መጠን፣ ከተዘጋው በር ይልቅ የተከፈተው በር ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም በሩ ከተከፈተ በኋላ ትምህርቱ የቀጠለው ልጁ ካቆመበት ስፍራ ሳይሆን፣ በሩ ባይዘጋ ኖሮ ሊደርስበት ይገባው ከነበረ ስፍራ ነውና። ይህን ለማስረዳት አስቀድሞ በተዘጋው ጊዜ የሆነውን ማየት ያስፈልጋል።

ትምህርቱ ፈጽሞ እንዳይቋረጥ የተደረገው ጥረት የሚናቅ አይደለም። ኢትዮጵያ በሬዲዮ የማስተማር ልምድ ከብዙ ዐሥርተ ዓመታት ጀምሮ ነበራት፤ ከ1997 ዓ.ም. ገደማ አንሥቶም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተለምዶ ፕላዝማ በሚባለው ቴሌቪዥን ከሳተላይት ትምህርት ይቀበሉ ነበር። ስለዚህ ትምህርት ሚኒስቴርና የክልል ትምህርት ቢሮዎች ለአንደኛ ደረጃ በሬዲዮ፣ ለሁለተኛ ደረጃ በቴሌቪዥን ትምህርት ማሰራጨት ጀመሩ፤ በከተማ ያሉ የግል ትምህርት ቤቶችም በቴሌግራም ወርክሺት መላክ ያዙ።

ይህ የቴሌግራም ትምህርት በብዙ የአዲስ አበባ ቤት ምን ይመስል እንደ ነበር ጥቂት ቀረብ ብለን እንየው። በቤቱ ውስጥ ኢንተርኔት የሚይዝ ስልክ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የእናቲቱ ነው፤ እርስዋ ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ ስልኩም አብሯት ይወጣል። የሦስተኛ ክፍል ሒሳብ ረፋድ ላይ ተልኮ ሳለ ልጁ የሚያየው እናቱ በመሸ ጊዜ ስትገባ ነው፤ ያን ጊዜም የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው እኅቱ የራስዋን ፊዚክስ ለመገልበጥ ስልኩን ትፈልገዋለች፤ ባትሪውም ሊያልቅ ደርሷል። ወርክሺቱ ከመጽሐፍ ላይ በፎቶግራፍ የተነሣ በመሆኑ ፊደሉ ደብዛዛ ነው፤ በጣት እየጎተቱ ካላሰፉት አይነበብም። በማግሥቱ ፕሪንት እንዲደረግለት ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ቢወስዱት በየገጹ ይከፈላል። ልጁ መልሱን በደብተሩ ጽፎ፣ እርሱ ደግሞ ፎቶ ተነሥቶ፣ ዳታ በተገዛ ጊዜ ይላካል፤ መምህርቷም የሃምሳ ልጅ የእጅ ጽሑፍ በዚያችው በራስዋ ስልክ ላይ እያጎላች ታርማለች፤ ለዚያውም መልሰው የላኩትን ብቻ ነው። በሰኔ መጨረሻ በአገሪቱ ሁከት ተነሥቶ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቋረጥ ይህች ቀጭን መንገድም ተዘጋች።

ይህ ባለ ዕድል የተባለው ቤት ነው። ከከተማ ወጣ ሲባል፣ መብራት ባልገባበት ቀበሌ ቴሌቪዥን የሚታሰብ አልነበረም፤ ሬዲዮ ያለውም ቤት ጥቂት ነው፤ ሬዲዮ ባለበትም ቤት የባትሪ ድንጋዩን የሚገዛው አባት ስለ ሆነ፣ ትምህርቱ በሚሰራጭበት ሰዓት ሬዲዮው ከአባት ጋር ገበያ ወይም እርሻ ውሎ ይሆናል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከበሽታው በፊት ይከታተሏቸው የነበሩትን የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ መልሰው በሒሳብ ቢፈትኗቸው፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ የልጆቹ ዕድገት ከቀድሞው መዘግየቱን፣ ይልቁንም በገጠርና በከተማ ልጆች መካከል የነበረው ልዩነት መስፋቱን አግኝተዋል።

እንግዲህ መሣሪያው ቢሟላ ኖሮ ትምህርቱ ይሳካ ነበርን? ብለን እንጠይቅ ይሆናል። ለዚህ መልሱን የምናገኘው ምንም ነገር ካልጎደለበት አገር ነው። ኔዘርላንድ የኢንተርኔት መስመር በየቤቱ የገባባት፣ ትምህርት ቤቶቿንም ለ8 ሳምንት ብቻ የዘጋች አገር ናት፤ በየዓመቱም ሁለት ጊዜ ብሔራዊ ፈተና ስለምትሰጥ ከመዘጋቱ ጥቂት ቀደም ብሎና ከተከፈተ በኋላ ልጆቹ ያሉበትን ደረጃ ማነጻጸር ተችሏል። በዚያ የተደረገው ጥናት እንዳሳየው የጎደለው ትምህርት የአንድ ዓመቱን አንድ አምስተኛ ያህላል፤ ይኸውም ትምህርት ቤቱ ከተዘጋበት ጊዜ ጋር ይተካከላል ማለት ነው። በሌላ አነጋገር፣ የተሻለ መሣሪያ ባለበት አገር እንኳ አማካዩ ልጅ በቤቱ ሆኖ የተማረው ከምንም የማይቈጠር ሆነ፤ ወላጆቻቸው ብዙ ባልተማሩበት ቤት ደግሞ ጉዳቱ እስከ 60 በመቶ በሚደርስ ይብሳል።

ምክንያቱን ለመረዳት አንድ ሕፃን ፊደል ሲቈጥር ማየት ይበቃል። ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ እያለ በዜማ የሚወርድ ልጅ ለሚሰማው ሰው ፊደል ያወቀ ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ያወቀው ዜማውን ነው እንጂ መልኩን አይደለም፤ ዓይኑ ከገበታው ላይ ሳይኖር አፉ ብቻ ይሄዳል። ይህን የሚያውቅ መምህር በስንደዶ ወይም በእርሳስ ጫፍ ከታች ወደ ላይ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየዘለለ፣ ቶን ጠቁሞ ወደ ሙ፣ ከሙ ወደ ጌ እየሄደ ይጠይቀዋል፤ ሰን ከበ፣ ነን ከኀ ለይቶ እንደ ሆነ ይመረምረዋል፤ ልጁ ሲያመነታ፣ ወደ ጓደኛው ሰረቅ አድርጎ ሲያይ፣ ከገበታው መጀመሪያ ተነሥቶ በሹክሹክታ ሲቈጥር ያየዋል፤ እዚያ ላይ ቆሞም ያስተምረዋል። ሬዲዮ ይናገራል እንጂ አይሰማም፤ ቴሌቪዥንም ያሳያል እንጂ አያይም። ከሩቅ በሚሰጥ ትምህርት የሚጠፋው ይህ የመስማትና የማየት ሥራ ነው፤ ለትልቅ ሰው፣ ማንበብ ለሚችልና ያልገባውን ራሱ ለይቶ ለሚያውቅ ተማሪ፣ ጉድለቱ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ለሰባት ዓመት ልጅ ግን ትምህርት ማለት እርሱው ነው።

በዚህ ረገድ የቤተ ክርስቲያን አብነት ትምህርት ቤት የያዘው ሥርዓት በእውነት የሚደነቅ ነው። ልጁ ፊደል ለይቶ ካበቃ በኋላ መልእክተ ዮሐንስን ይዞ አስቀድሞ በቁጥር ንባብ፣ ቀጥሎ በግዕዝ፣ ከዚያም በውርድ ንባብ እያለ ወደ ቁም ንባብ ይደርሳል፤ ከዚያም በኋላ ዳዊት ይደግማል። ቁጥሩን ያልጨረሰ ወደ ግዕዝ አይሻገርም፤ ዓመት ስለ ሞላው፣ ቁመቱ ስለ ረዘመ፣ ወይም እኩዮቹ ስላለፉ ብቻ የሚያሳልፈው የለም። የዐሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ ከሰባት ዓመቱ ጋር ባንድ ንባብ ቢገናኝ ነውር አይደለም፤ ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል፤ የኔታም በመጨረሻ ሁሉንም በየተራ ይሰሙታል። አለንጋው፣ ቁራሽ ለመለመን በየደጁ መዞሩ፣ በረኃብና በዕከክ ጉባኤውን ትቶ የቀረው ተማሪ ብዛት ሊረሳ አይገባም፤ ያን ሁሉ መልሱት የሚል የለም። ነገር ግን ተማሪን ካለበት ተቀብሎ፣ የያዘውን አጽንቶ፣ ከዚያ ወደ ላይ የማውጣት ዘዴው ዘመናዊ ትምህርት ቤቶቻችን በ2013 ዓ.ም. እጅግ ያስፈልጋቸው የነበረ፣ ግን ያልያዙት ጥበብ ነው።

ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ስለ ቤት ውሎው ጥቂት መናገር ይገባል፤ ትምህርት ቤት የሚሰጠው ንባብና ሒሳብ ብቻ አይደለምና። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ምገባ በከተማው አስተዳደር በጀት በስፋት የተጀመረው በዚያው በ2012 የትምህርት ዘመን ነበር፤ ጠዋት ቁርሳቸውን፣ ቀትር ላይ ምሳቸውን ከትምህርት ቤት ያገኙ የነበሩ ልጆች ከሞሰቡ ጋር የተለማመዱት ገና ለወራት ሳለ በሩ ተዘጋ። የዕለት ሠራተኞች የሆኑት ወላጆቻቸውም በዚያው ሰሞን ሥራ አጥተው ነበር።

ለሴቶች ልጆች ነገሩ ከዚህ የከበደ ሆነ። በገጠር ያለች የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ቤት ስትውል ውኃው፣ እንጨቱ፣ ሕፃን መያዙ ሁሉ በርስዋ ላይ ይወድቃል፤ ይህስ ቢሆን ትምህርት ባለበትም ጊዜ የሚቀርላት አልነበረም። ልዩነቱ ያለው ሌላ ላይ ነው። ያለ ዕድሜ ጋብቻ በሚበዛባቸው ወረዳዎች፣ ወላጆች በምስጢር የጨረሱትን የጋብቻ ውል ብዙ ጊዜ አስቀድመው የሚሰሙት የክፍል ጓደኞቿ ናቸው፤ እነርሱ ለሴቶች ክበብ ተጠሪዋ መምህርት ይነግራሉ፤ መምህርቷ ለርእሰ መምህሩ፣ ርእሰ መምህሩም ለቀበሌና ለሴቶች ጉዳይ ያስታውቃሉ፤ እንዲህ እየተባለ ጋብቻው ይፈርሳል። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ይህ ሰንሰለት ከመነሻው ተበጠሰ፤ ጓደኞቿም አያገኙዋትም፣ መምህርቷም ከተማ ወዳለው ቤተ ሰቧ ሄዳለች። በዚያ ወራት ከአማራ ክልልና ከሌሎችም ስፍራዎች የልጅነት ጋብቻ መብዛቱ በተደጋጋሚ ሲነገር የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ከነዚያ ልጆች መካከል በጥቅምት ወደ ክፍል ያልተመለሱት የፈተና ውጤት ስለሌላቸው በየትኛውም የትምህርት ልኬት ውስጥ አይታዩም፤ እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው።

ትምህርት ቤት የተከፈተው ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በየደረጃው ሲሆን፣ ገጠሩ ቀደመ፣ ከተሞች ተከተሉ፣ አዲስ አበባ መጨረሻ ሆነ። ለተማሪዎች ማስክ ታደለ፤ በክፍል ያለው ተማሪ ቍጥር እንዲቀንስ በፈረቃ ተከፋፈሉ፤ በዚህም ምክንያት በብዙ ከተማ ልጁ ከሳምንቱ ቀኖች ግማሹን ብቻ ይማር ነበር። በገጠር ደግሞ ጥቅምትና ኅዳር የአጨዳ ወራት ናቸው፤ ከመጋቢት ጀምሮ በእርሻና በአረም፣ በከብት ጥበቃ የቆየ ልጅ ጤፉ በደረሰበት ሳምንት ተመለስ ቢሉት፣ አባቱ እህሉ እስኪገባ ድረስ መልቀቁ ከባድ ነው፤ ስለዚህ ዘግይቶ የተመለሰ ልጅ ላመለጠው ትምህርት የታቀደው ማካካሻ ሊያልፈው ይችል ነበር።

ማካካሻ የተባለው የ45 ቀን ትምህርት ነበር። ከስምንተኛና ከዐሥራ ሁለተኛ ክፍል በቀር ተማሪዎች ሁሉ ያለ ፈተና ወደሚቀጥለው ክፍል እንዲዛወሩ ተወስኖ፣ ያመለጣቸው የ2012 ሁለተኛ መንፈቅ ትምህርት በነዚያ ቀናት እንዲሰጣቸው ታቀደ። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ልጁ ባልሠራው ጥፋት ዓመት አይክሰር ማለት ነው። ነገር ግን ምዕራፎቹን አፍጥኖ መጨረስና ልጁ ምን እንደ ያዘ ማወቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በመጋቢት 2012 አንደኛ ክፍል የነበረው ልጅ ፊደሉን ገና ሳያጸና ወጥቶ በጥቅምት ሁለተኛ ክፍል ገባ፤ ታናሽ ወንድሙ ደግሞ ዜሮ ክፍልን አጋምሶ፣ እርሳስ አያያዝ ሳይለምድ አንደኛ ክፍል ተቀመጠ። መምህሩ በእጁ የያዘው የሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ ነው፤ መጽሐፉም የሚጀምረው ልጁ ያነባል ብሎ ነው።

እዚህ ላይ በፓኪስታን የሆነውን ማንሣት ግድ ይለኛል፤ ጉዳዩን ከሁሉ ይበልጥ የገለጠልኝ እርሱ ነውና። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2005 በሰሜን ፓኪስታን ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ትምህርት ቤቶች በአማካይ 14 ሳምንት ያህል ተዘጉ። ከአራት ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች ወደ ስፍራው ሄደው ቢመለከቱ፣ ቤተ ሰቦች በተሰጣቸው እርዳታ ቤታቸውን መልሰው ሠርተዋል፤ ኑሯቸውም መንቀጥቀጡ ካልነካቸው ሰዎች ኑሮ ጋር ተካክሏል። ልጆቹ ግን በአደጋው አካባቢ የነበሩት ርቀው ከነበሩት እኩዮቻቸው በአንድ ዓመት ተኩል ትምህርት ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ። ሦስት ወር ተኩል ባልሞላ መዘጋት ዓመት ተኩል የጠፋው፣ ጉድለቱ በር ከተከፈተ በኋላም በየዓመቱ ሲያድግ ስለ ኖረ ነው፤ የግንብ ሠራተኛ አንድ ረድፍ ድንጋይ ዘልሎ በላዩ ቢደረድር ግንቡ በየረድፉ እያዘመመ እንደሚሄድ፣ ማባዛትን ሳይዝ ማካፈል የቀረበለት ልጅ ማካፈሉንም፣ ከማካፈሉ በኋላ የሚመጣውን ክፍልፋይም አይዝም። አንድ ሌላ ነገርም ተገኝቷል፦ እናታቸው ቢያንስ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት የጨረሰች ልጆች ከእኩዮቻቸው አልቀሩም። የትምህርት ቤቱ መምህር ጥሎት ያለፈውን፣ እናቲቱ በቤት ተመልሳ አነሣችው። ባልተማረች እናት እጅ ያለው ልጅ ግን ያነሣለት አላገኘም፤ በኛም አገር የብዙው ልጅ ዕጣ ይህ ነው።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ በጥር 2015 ዓ.ም. የተነገረውን የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ያነሣ ይሆናል። ፈተናውን ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ እነዚያ ተማሪዎች ትምህርት ቤት በተዘጋበት ጊዜ ዐሥረኛ ክፍል ነበሩ። ነገር ግን ያን ሁሉ በኮሮና ላይ መጫን እውነትን ማድበስበስ ነው። ፈተናው በዚያ ዓመት በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር መሰጠቱ ቀድሞ በኵረጃ ተሸፍኖ የኖረውን ገለጠው፤ የዓለም ባንክም ከበሽታው አስቀድሞ ባወጣው ግምት ከዐሥር ኢትዮጵያውያን የዐሥር ዓመት ልጆች ዘጠኙ አጭር ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም ነበር። የሰባት ወሩ መዘጋት ያረፈው ቀድሞም ቢሆን በታመመ አካል ላይ ነው። ስለዚህ መካሻው ልጆቹን ወደ 2011 ዓ.ም. ሁኔታ መመለስ ሊሆን አይችልም፤ ያም ሁኔታ በራሱ የሚያጠግብ አልነበረምና።

ከአገር ውጭ ያሉ ወገኖቻችንም ይህ አልቀረላቸውም። በአሜሪካ ሜሪላንድ የሞንትጎመሪ አውራጃ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች የሚጽፉትን ደብዳቤ ከሚተረጕሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፤ የሐበሻ ልጅ በዚያ ብዙ ነውና። በዚያ ትምህርት ቤቶቹ ተማሪዎቻቸውን መልሰው መቀበል የጀመሩት ዓመት ያህል ቆይተው ነው። ለየልጁ ላፕቶፕ ታድሏል፤ መምህሩም በስክሪን ላይ በየቀኑ ይታይ ነበር። ሆኖም አባቱ ታክሲ የሚነዳ፣ እናቱ በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት የምትሠራ ልጅ በየቀኑ ኮምፒዩተሩ ፊት የሚቀመጠው ብቻውን ነው፤ የትምህርት ቤቱን ኢሜይል ለወላጆቹ የሚያስረዳውም እርሱ ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በአገሪቱ ለዘጠኝ ዓመት ልጆች በተሰጠው ብሔራዊ ፈተና የሒሳብ ውጤት 7 ነጥብ ወረደ፤ ያ ፈተና መሰጠት ከጀመረ ወዲህ በሒሳብ መውረድ ሲታይ የመጀመሪያው ነበር።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ተስፋ ለማስቈረጥ አይደለም፤ የጠፋው ሊመለስ እንደሚችል ያሳዩ አሉና። በቦትስዋና ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ ከ4,500 በሚበልጡ ቤተ ሰቦች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ኢንተርኔት በሌለው ተራ ስልክ በየሳምንቱ የሒሳብ ጥያቄ በአጭር መልእክት ተላከ፤ ለከፊሎቹ ደግሞ መምህር እየደወለ፣ እናት ወይም አባት ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገው፣ ከልጁ ጋር ሃያ ደቂቃ ያህል ይሠራ ነበር። መልእክቱ ብቻ የደረሳቸው ያተረፉት ጥቂት ነው፤ የተደወለላቸው ግን መደመርና መቀነስን፣ ማባዛትና ማካፈልንም በሚታይ ሁኔታ ያዙ። በስልኩ ማዶ የሚሰማ ሰው ስለ ነበረ ነው። በሕንድም ታሚል ናዱ በተባለው ክፍለ አገር ትምህርት ቤቶች 18 ወር ያህል ተዘግተው ከተከፈቱ በኋላ፣ 200,000 የሚሆኑ፣ አብዛኞቹም ሴቶች የሆኑ በጎ ፈቃደኞች፣ በየሰፈሩ ማታ ማታ ሕፃናትን እየሰበሰቡ አስተማሩ፤ በስድስት ወር ውስጥ ከጎደለው ሁለት ሦስተኛው ተመለሰ፤ ከተመለሰውም ሩብ ያህሉ የነዚያ የሰፈር ጉባኤያት ፍሬ መሆኑ ተረጋግጧል። በኛ አገር በየቀበሌው የመምህራን ኮሌጅ ጨርሶ ሥራ የሚጠባበቅ ወጣት ስንት አለ!

ከሁሉ የከፋው ዕጣ የወደቀው በትግራይ ሕፃናት ላይ ነው። ሌላው አገር በሩን በሚከፍትበት ሰሞን፣ ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተነሥቶ፣ ኮሮና የዘጋው ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ያህል ሳይከፈት ቆየ፤ ሕንፃዎች ፈረሱ፣ ወንበሮች ተቃጠሉ፣ የተረፉትም የተፈናቃይ ማደሪያ ሆኑ። አንደኛ ክፍልን በስድስት ዓመቱ ያቋረጠ ልጅ በዘጠኝና በዐሥር ዓመቱ ወደዚያው ክፍል ተመለሰ። በእርሱና አጠገቡ በተቀመጠው በእውነተኛው የስድስት ዓመት ልጅ መካከል ያለው ርቀት በአንድ መጽሐፍ የሚሸፈን አይደለም፤ በየክፍሉ ያለውን የትምህርት ልዩነት ላለማየት የሚፈልግ ሰው እንኳ እዚያ ላይ ያየዋል። በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በተነሣው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ እነዚያ ልጆችም አንድ ቀን ይመለሳሉ፤ ሲመለሱም የሚጠብቃቸው ያው የዕድሜያቸው መጽሐፍ ከሆነ የፓኪስታኑ ታሪክ ይደገምባቸዋል።

በመጋቢት 2012 አንደኛ ክፍል የነበሩት፣ ሳይወድቁና ሳያቋርጡ ከመጡ፣ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን የሚጨርሱት በ2023 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ ጊዜው አላለፈም። ሥራው የሚጀምረው ከአንድ ወረቀት ነው። በወረቀቱ ላይ ከተራው ተዘበራርቀው የተጻፉ ፊደላት፣ ከነርሱ በታች ዐሥር የሚሆኑ ቀላል ቃላት፣ ከዚያም አራት መስመር ያለው አንቀጽ፣ በመጨረሻም አጭር ታሪክ ይኖራል። መምህሩ አንዱን ልጅ ከክፍሉ ጥግ ለብቻው ጠርቶ፣ ታሪኩን ካነበበ እዚያ፣ ካልቻለ አንቀጹን፣ አንቀጹም ካቃተው ቃላቱን፣ ያም ካልሆነ ፊደሉን እያስነበበ ያለበትን ደረጃ ይመዘግባል። በሕንድ ፕራታም የተባለው ድርጅት ብዙ ዓመት የሠራበት ዘዴ ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ለአንድ ሰዓት የሦስተኛው፣ የአራተኛውና የአምስተኛው ክፍል ልጆች የክፍላቸው ስም ቀርቶ በያዙት ንባብ ተከፍለው ይቀመጣሉ፤ ፊደል ላይ ያሉት ካንዱ መምህር፣ ቃል ላይ ያሉት ከሌላው፣ ታሪክ የሚያነቡትም ከሦስተኛው ጋር። ለአንድ ልጅ አምስት ደቂቃ ቢወስድ ለስድሳ ልጅ አምስት ሰዓት ነው፤ ይህም ማለት ርእሰ መምህሩ ሰኞ ቢፈቅድ በዚያው ሳምንት ዓርብ ልጆቹ በየንባባቸው ተቀምጠው ሊጀምሩ ይችላሉ።